ሮቶ ውሃ ያስቀምጣል እንጂ አይቆጥብም፦ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ገንዘቡን የት ያውጣ?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይረጭና ቀስ እያለ ይጠራል። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች የኖረ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ይለየዋል። እኔም ለዓመታት በዚህ ድምፅ እየተነሳሁ ጀሪካን ስደረድር ኖሬአለሁ። ሲመረኝ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዛሁ። አምስት ሆነን በምንኖርበት ቤት ውሃው በሦስተኛው ቀን አለቀ። በዓመቱ ሁለተኛ ሮቶ ጨመርኩ፤ የሁለቱም ውሃ በአምስተኛው ቀን አለቀ። ሂሳቡን ስሠራው በቀን የምናፈሰው ከ330 ሊትር ወደ 400 ሊትር ከፍ ብሏል። ማጠራቀሚያው ሲሰፋ እጃችንም አብሮ ሰፋ ማለት ነው።

ሮቶ ውሃ ያስቀምጣል እንጂ አይቆጥብም። ይህን የተረዳሁት ሁለት ሮቶና አንድ የብረት ማማ ከገዛሁ በኋላ ነው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ሮቶ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን አማራጮች እርስ በርስ እያነጻጸርኩ ላስቀምጣቸው። ግቢና ትንሽ የጓሮ አትክልት ያለውን ቤት በዋናነት ይዤ፣ ስለ ኮንዶሚኒየምና ስለ ኪራይ ቤትም እግረ መንገዴን እናገራለሁ። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ብር አልጠቅስም፤ የምለካው በሊትር ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ጠይቁ

ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። የሚያስፈልገው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ውሃ ባለበት ቀን ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ ሮቶው መሙላቱን አረጋግጡ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ማንም ሳይጠቀምበት የሚሄድ ውሃ አለ። ይህን ሙከራ ውሃው ገና እንደመጣ አታድርጉት፤ በመስመሩ ውስጥ የነበረው አየር ሲወጣም ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ይችላል።

ቀጥሎ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ፈልጉና ከሥሩ ጆግ አስቀምጡ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ያፈሳል። ይህ ማለት በየቀኑ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነው፤ ሌሊት ተነስታችሁ የሞላችሁት፣ በትከሻ የተሸከማችሁት ጀሪካን። የሚድነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት በመለወጥ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች በትንሹ ወጪ ብዙ ውሃ ከሚያድኑት አንዱ ይኸው ነው፤ ሆኖም ለእንግዳ የሚታይ ነገር ስላልሆነ ሰው ገንዘብ አያወጣበትም።

በአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም እንደሚጨምር አትርሱ። ስለዚህ በከንቱ የፈሰሰው ውሃ ሂሳብ ላይ የሚደመረው በከፍተኛው ዋጋ ነው።

ሽንት ቤቱ፦ ድምፅ የሌለው ሌባ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ለሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ የተነገረ ይመስለኛል። በውስጡ ያለው የጎማ መዝጊያ ሲያረጅ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ በመቀመጫው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። አይሰማም፣ በደንብ ካላዩትም አይታይም። በደቂቃ አንድ ዲሲ ሊትር ብቻ ቢያፈስ እንኳ በቀን 144 ሊትር ይሆናል፤ ሰባት ጀሪካን።

እኛ ቤት የተያዘው በቀይ ስር ነው። ለሰላጣ ከተቀቀለው ቀይ ስር የቀረውን ውሃ በማጠራቀሚያው ውስጥ ጨመርኩና ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይነካው አደረግሁ። ተመልሼ ስገባ ነጩ መቀመጫ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ሮዝ መስመር ተሰምሯል። ለካስ ለስንት ወር የሄደ ውሃ ኖሯል! መዝጊያውን በለወጥን ሳምንት የሮቶው ውሃ በአንድ ቀን ያህል ረዘመ።

አሁን ወደ ምርጫው። በቤታችሁ ያለው አሮጌ ማጠራቀሚያ ከሆነ በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊለቅ ይችላል። ሁለት መጫኛ ያለው አዲሱ ዓይነት ለቀላሉ 3 ሊትር፣ ለከባዱ 6 ሊትር ገደማ ይለቃል። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢጠቀም በአሮጌው 225 ሊትር ይሄዳል፤ በአዲሱ፣ አራቱ ቀላል አንዱ ከባድ ቢሆኑ፣ 90 ሊትር። ሦስተኛው አማራጭ ብዙዎቻችን የምናውቀው ባልዲ ነው። ባልዲ ከአዲሱ ማጠራቀሚያ እንደሚሻል ይታሰባል፤ ነገር ግን እጅ ካልተቆጠበ ከ6 ሊትር በላይ ይደፋል። የባልዲ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ጊዜ ያገለገለ ውሃ ይቀበላል። የልብስ እጣቢ በባልዲ ከተደፋ የቧንቧ ውሃ ጭራሽ አልተነካም ማለት ነው።

አዲሱን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በውሃ የተሞላና በደንብ የተከደነ የአንድ ሊትር ጠርሙስ በአሮጌው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያስቀምጥ፤ በየጊዜው አንድ ሊትር ይድናል። ጡብ ግን አታስገቡ፤ እየሟሟ የጎማውን መዝጊያ ያበላሻል።

ሻወርን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተራ የሻወር ራስ በደቂቃ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ስለሚያፈስ የአሥር ደቂቃ መታጠቢያ 100 ሊትር ነው። በባልዲና በጣሳ የሚታጠብ ሰው በ20 ሊትር ይጠናቀቃል። ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ዝም ብሎ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ አስቀምጦ መቀበል ግን ሻወር ለሚወድም ሰው ይቻላል፤ ንጹሕ ውሃ ነውና ለወጥ ቤትም ይሆናል። እቃ ሲታጠብም ቧንቧ ከፍቶ ከማጠብ ሁለት ሳፋ አዘጋጅቶ በአንዱ ማሸት፣ በሌላው ማለቅለቅ ውሃውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ማጠራቀሚያ ሲመረጥ፦ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ጉድጓድ

ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ ምን ያህል ማጠራቀሚያ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ውሃ ሳይመጣ የሚቆይበትን ረጅሙን ጊዜ በቀን ፍጆታችሁ አባዙት። ውሃ ቢበዛ ለአራት ቀን የሚጠፋበት ቤት በቀን 250 ሊትር የሚጠቀም ከሆነ 1,000 ሊትር ይበቃዋል። ፍሳሹ ሳይደፈን ሂሳቡን የሠራ ሰው ግን 2,000 ሊትር ይገዛል፤ እኔ እንዳደረግሁት።

ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ ከሁሉም ይሻላል ብል የሚገረም ይኖራል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅም ጣሳም አይገባበትም፤ የውሃ መበከል ዋና መንገድ ደግሞ እጅና ጣሳ ነው። ጉድለቱ ውስጡን ማጠብ ማስቸገሩ ነው። ትንሽ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ እንደ ወተት መናጥ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። በርሜል በተቃራኒው ለመታጠብ ይመቻል፣ 200 ሊትር ይይዛል፣ ግን ማንም መጥቶ ጣሳውን ይነክርበታል። ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት ያልታወቀ በርሜል ለአትክልት እንኳ አትግዙ። የምግብ ዘይት ከነበረበት ይታጠባል፤ የኬሚካል ከሆነ ግን ሽታው ቢጠፋም አይታመንም።

ሮቶ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው ሊትሩን ነው። ከሊትሩ ይልቅ የሚቀመጥበትን ነገር ማሰብ ይጠቅማል። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። የመጀመሪያውን ሮቶዬን ያስቀመጥኩበት ማማ ላይ ብረቶቹ እርስ በርስ ተራርቀው ተበይደው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የሮቶው ሆድ በብረቶቹ መካከል ተንጠልጥሎ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ሥሩ በሙሉ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ነገር፣ ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ፣ ግዴታ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ አታስቀምጡ። በረንዳ አንድ ቶን በአንድ ቦታ እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ጀሪካኖችን በቤቱ ግድግዳ ሥር በመስመር መደርደር ክብደቱን ያከፋፍለዋል።

ቀለሙም ለውበት ብቻ አይደለም። ብርሃን የሚያስገባ ማጠራቀሚያ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ ጥቁሩ ወይም ብርሃን የማያስተላልፈው ይሻላል። ውስጡን በዓመት ሁለት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሥሩ ላይ የሚቀመጠውን ዝቃጭ ያየ ሰው ይህን ለማስታወስ አይቸገርም።

ክዳን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ በቆላማ ከተሞች ለሚኖሩ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶና የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት እንደሆነች ተረጋግጧል። ስለዚህ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ወይም በጅግጅጋ ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ክዳኑ የሚገጥም፣ የአየር መተንፈሻውም በወንፊት የተሸፈነ ማጠራቀሚያ እንጂ ክፍት በርሜል መምረጥ የለበትም።

የሲሚንቶ ጉድጓድ ብዙ ይይዛል፣ ውሃውን ያቀዘቅዛል፣ ከዕይታም የተሰወረ ነው። የተሰወረ መሆኑ ግን ጉዳቱም ነው፤ ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ መሬት ይሄዳል እንጂ ማንም አያውቅም፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ በቅርብ ካለ ደግሞ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ፓምፕም ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ውሃ እያለ ተጠምቶ መዋል አለ። ቦታ ላለው፣ ብዙ ተከራይ ለሚያስተናግድ ግቢ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ፓምፕ ከተነሳ ዘንድ፣ ፓምፑን ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ከምርጫ ውስጥ ይውጣ። የጎረቤትን ውሃ ይስባል። በተሰነጠቀ መስመር ላይም በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ቧንቧው ይጠባል፤ ያንን ውሃ የሚጠጣው ደግሞ ፓምፑን የከፈተው ሰው ራሱ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ይኑረው። ተከፍቶ የቀረ ቧንቧን ግን ይህ መዝጊያ አያድነውም፤ አንድ ሌሊት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተከፍቶ እንደቀረ ሳናውቅ ተኛን። ንጋት ላይ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ምንጣፉ ቀዘቀዘኝ። ውሃው በወጥ ቤቱ፣ በኮሪደሩ፣ በመኝታ ቤቱ አልፎ ወደ ግቢው እየወረደ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ስንት ቀን የጠበቀው ውሃ! ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቧንቧ ሁሉ እየነካኩ ካልዞርኩ አልተኛም።

የጣሪያ ውሃ፦ አሸንዳ ያዋጣል ወይ?

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ከዚያም ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያዋጣሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በሐምሌ ብቻ 12,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ ከ9,000 ሊትር በላይ እጃችን ይገባል። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ ተገፍቶ የሚመጣ ውሃ እየጠበቅን በራሳችን ጣሪያ ላይ የወረደውን ወደ ቦይ እንለቀዋለን።

ይሁንና ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳቡን በቅንነት እንየው። አሸንዳ የሚያስገቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የክረምቱን ውሃ አጠራቅመው በበጋ አትክልት ለማጠጣት ነው። 10 ካሬ ሜትር የጎመንና የሰላጣ መደብ በደረቅ ወራት በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ይፈልጋል። 2,000 ሊትር ሮቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞልቶ ቢገኝ ኅዳር አጋማሽ ላይ ባዶ ይሆናል። በጋውን በሙሉ ለማሻገር ጉድጓድ የሚያህል ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት አሸንዳን ለበጋ አትክልት ብሎ የሚገዛ ሰው ያዝናል።

የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ነው፦ በክረምት ውሃውን በየቀኑ መጠቀም። ከላይ በተጠቀሰው ጣሪያ 1,000 ሊትር ሮቶ የሚሞላው በ21 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ በሐምሌ አንድ ሁለት ከባድ ዝናብ ይበቃዋል። እየተጠቀማችሁበት ደጋግሞ ይሞላል። ልብስ፣ ወለል፣ ሽንት ቤት ሁሉ ከሰኔ እስከ መስከረም በጣሪያ ውሃ ይሸፈናል፤ የቧንቧው ለመጠጥና ለማብሰያ ይቀራል። ለልብስማ ከሁሉም ይበልጣል፤ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ያወጣል። የበልግ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሮቶው በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይሞላል፤ ያኔ አትክልቱም ድርሻውን ያገኛል።

በአሸንዳና በተራው በርሜል መካከል መምረጥ ካስፈለገ ይህን ልብ በሉ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በርሜል ማቆም ወጪ የለውም፤ ነገር ግን የሚቀበለው ከፊቱ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። በአንዱ የጣሪያ ጎን ብቻ አሸንዳ ማስገባት ግማሹን ጣሪያ ይሰበስባል፤ ለአንድ ሮቶ ይህ ይበቃል። ዙሪያውን በሙሉ ማስገባት አያስፈልግም።

ከበጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስ፣ አቧራና ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው። ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጀሪካን ያህል ውሃ አስወግዱ። የመውረጃውን ቱቦ በእጅ ወደ ውጭ ማዞር የሚቻል አድርጎ ማሠራት በቂ ነው። የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ውሃ ለመጠጥ አይሁን። ሌላውም ቢሆን ሳይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ሳይታከም አይጠጣ።

ጓሮው፦ ጎማ፣ ማጠጫ፣ ጠብታ መስኖ ወይስ ሸክላ?

በአንድ ደቂቃ ከግማሽ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ የውሃ ጎማ በሩብ ሰዓት 200 ሊትር ያፈሳል። ከላይ ያነሳሁት 10 ካሬ ሜትር መደብ የሚፈልገው ግን 50 ሊትር ነው። የቀረው 150 ሊትር በመንገዱ መካከል ኩሬ ሠርቶ፣ አረም አብቅሎ፣ ወደ ጎረቤት ወርዶ ያልቃል። አባቶቻችን ከጎማ በፊት በቆርቆሮ ማጠጫ ያጠጡ ነበር። ማጠጫ ስንት ሊትር እንደተሰጠ በእጅ ክብደት ያሳውቃል፤ አራት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ማንም ሰው ውሃ በከንቱ አይደፋም። ለትንሽ ጓሮ ማጠጫ ከጎማ ይሻላል ስል በሙሉ ልቤ ነው። ጎማ የግድ ከሆነ ጫፉ ላይ የሚዘጋ ነገር ይኑረው።

ጠብታ መስኖ ከውሃ አንጻር የላቀው ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከሚሰጠው ውሃ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ለሥሩ ይደርሳል። ለቤት የሚሆነው ዓይነት ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ በርሜል በራሱ ይወርዳል፤ ፓምፕ አይፈልግም። ችግሩ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ውሃ ሲመጣ ቡናማ ሆኖ በሚጀምርበት ከተማ ማጣሪያ የሌለው ጠብታ መስኖ አንድ ወቅት አይዘልቅም። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን በመስመር ለሚተክል፣ ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ላለው ሰው ተገቢ ነው። ለሁለት መደብ ሰላጣ ግን ትርፍ ድካም ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን በመርፌ ወግቶ ከእያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ መቅበር የድሃ ጠብታ መስኖ ይሉታል። ለጥቂት ችግኝ ይረዳል፤ አፈር ቀዳዳውን በቶሎ ይደፍነዋል እንጂ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

እኔ የወደድኩት አራተኛውን ነው፦ አንገቱ ብቻ እስኪታይ ድረስ የተቀበረ የሸክላ ማሰሮ። ሸክላ ይተነፍሳል። በውስጡ ያለው ውሃ በግድግዳው እያላበ በዙሪያው ያለውን አፈር ያርሳል፤ አፈሩ ከረጠበ መስጠቱን ይቀንሳል፣ ሲደርቅ ይጨምራል። የተክሉ ሥር ራሱ መጥቶ ማሰሮውን ያቅፈዋል። ባለፈው ዓመት አንዱን ሳወጣው ነጫጭ የቃሪያ ሥሮች እንደ መረብ ሸፍነውት ነበር፤ አፈሩን አራግፌ ብዙ ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ።

ነገር ግን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ለወጥና ለቡና የምንፈልገው ሸክላ የተሟሸ ነው፤ ማሟሸት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ያልተሟሸ፣ ያልተቀባ፣ ያልተወለወለ ነው። ቀጨኔ ከሚገኙት ሸክላ ሠሪ እናቶች ለአንዷ ለአትክልት እንደምፈልገው ስነግራቸው፣ «እንግዲያው የሚያልበውን ውሰድ ልጄ፤ ሌላው ለዚህ አይሆንህም» ብለው ከጥግ ያስቀመጡትን ሦስት ማሰሮ አወጡልኝ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፤ ውጩ ጠቆር ብሎ በመዳፍ ሲነካ እርጥበት ካለው ይሆናል። አምስት ሊትር የሚይዝ ማሰሮ በዙሪያው አራት ወይም አምስት ተክል ያጠጣል፤ በበጋ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይሞላል። አፉ ላይ ድንጋይ ወይም ሳህን ይደረግበት፣ ለትነትም ለትንኝም። ለካሮት አይመችም፤ በብትን ስለሚዘራ ማሰሮው የሚደርስለት ጥቂቱን ነው። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለሐበሻ ጎመን ግን አቻ የለውም፤ ከቤት ርቆ ለሚቆይ ሰውም እንዲሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ አፈሩ ራቁቱን ከሆነ ግማሹ ልፋት ለፀሐይ ነው። አፈሩን በአራት ጣት ውፍረት ሸፍኑት። የጤፍ ገለባ ጥሩ ነው። እኛ ቤት በየበዓሉና በየቡናው የተጎዘጎዘው ቄጠማ ወደ ቆሻሻ አይወጣም፤ ለአንድ ቀን ይደርቅና መደቡ ላይ ይነጠፋል። ከግንዱ ጥቂት ይራቅ፤ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን አይሁን፤ ሌላ ተክል እንዳያድግ ያደርጋል። ማጠጣቱም ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ቢሆን፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በየሦስት ቀኑ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣቱ ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል።

ሣር ሜዳ ላይ ያለኝን አስተያየት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሣር ከጎመን የማይተናነስ ውሃ ጠጥቶ የሚሰጠው ምግብ የለም። ግቢውን ለማስዋብ የሚፈልግ ሰው ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ሬት ይትከል፤ ከጸደቁ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠጡም አይከፉም፣ ከሬቱ በቀር ለቡናውም ለወጡም ይደርሳሉ።

የትኛው እጣቢ ወደ የት?

ሁሉም እጣቢ እኩል አይደለም። የምስር፣ የሩዝና የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ሳያስቡ በቀጥታ ወደ መደቡ ይሄዳል። የልብስ ሦስተኛው ማለቅለቂያ ለዛፍና ለአበባ ይሆናል፤ የመጀመሪያው እጣቢ ግን ኦሞው ስለበዛበት ለሽንት ቤት ይቀመጥ። የዱቄት ሳሙና ጨው አለበትና በተደጋጋሚ ሲደፋ አፈሩን ያጠጥረዋል። በረኪና የገባበት በፍጹም ወደ ተክል አይሂድ። ሰላጣን የመሰለ ጥሬ የሚበላ ቅጠል ላይ ምንም ዓይነት የልብስም የገላም እጣቢ አታፍስሱ። እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ ማስቀመጥም ይሸታል፤ በዚያው ዕለት ይለቅ።

ኪራይ ቤት ላላችሁ

በሰው ቤት ውስጥ አሸንዳ ማስገባትም ማማ ማቆምም ለባለቤቱ መሥራት ነው። ስትወጡ ይዛችሁት የምትሄዱትን ምረጡ፦ አሥር ጀሪካን፣ ሁለት ሳፋ፣ ውሃ የሚቀንስ የሻወር ራስ፣ ጥቂት የሸክላ ማሰሮ። የሻወር ራሱ በእጅ ይፈታል፤ የድሮውን ጠብቃችሁ አስቀምጡና በመውጫችሁ ቀን መልሱት። የሽንት ቤቱን የጎማ መዝጊያ ግን ባለቤቱን ሳትጠብቁ ለውጡ። በቀይ ስር ፈትሹት፤ ሮዝ መስመር ካያችሁ በዚያው ሳምንት ይገዛ።